የቤዝ ስቴሽን ፓወር አምፕሊፋየር ብልሽትን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

የቤዝ ስቴሽን፣ ማለትም የሞባይል ኔትወርክ ማሰራጫ ጣቢያ፣ ማጉያ (ፓወር አምፕሊፋየር) አላርም ሲመጣ የብዙ ቴክኒሻን የመጀመሪያ ፍርድ አንድ ነው፤ «ፓወር አምፕሊፋየሩ ተቃጥሏል»። ዕቃው ይፈታል፣ አዲስ ይገጠማል። ብዙም ሳይቆይ ያው አላርም ተመልሶ ይመጣል።

ለዚህ ምክንያት አለው። ፓወር አምፕሊፋየር ራሱን እንዲጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲወርድበት፣ ሙቀት ሲበዛበት፣ የላከው ኃይል ከአንቴናው በኩል ሲመለስበት ጉልበቱን ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይዘጋል። ስለዚህ ምልክቱ ማጉያው ላይ ይታያል፤ ጥፋቱ ግን ኬብሉ፣ ባትሪው ወይም ቬንቲሌተሩ ዘንድ ሊሆን ይችላል።

እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው። ሦስት ነገሮች በመለኪያ ሳይረጋገጡ ማጉያው አይከፈትም፤ የሚገባለት ዲሲ ኤሌክትሪክ፣ የሚገባለት ሲግናል እና ኃይሉን የሚያወጣበት መስመር። ሦስቱም ደህና ከሆኑና ሙቀቱም ከታየ ያኔ ዕቃውን መክፈት ትክክል ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከሉን አሳውቁ። ሴክተር (ጣቢያው በአንድ አቅጣጫ የሚሸፍነውን ክፍል) ስትዘጉ የሰዎችን ጥሪ እየዘጋችሁ ነው፤ የአደጋ ጊዜ ጥሪን ጨምሮ። ሰዓቱን ተስማሙ፣ ከዚያ ጀምሩ።

የሬዲዮ ኮኔክተር ከመፍታታችሁ በፊት ማሰራጫውን በሶፍትዌር ዝጉ፣ ቀጥሎ ብሬከሩን አውርዱ። ኃይል ያለበትን ኮኔክተር የነካ ጣት ላዩ ትንሽ መስሎ ወደ ውስጥ የጠለቀ ቃጠሎ ይደርስበታል። ታወር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የእናንተ ሴክተር ቢዘጋም የጎረቤቱ አንቴና እየሠራ መሆኑን አትርሱ።

48 ቮልት ትንሽ ይመስላል። የባትሪ ባንክ ግን ሾርት ሲያገኝ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ቀለበት፣ ሰዓትና የብረት አምባር አውልቁ። ብሬከሩ ከወረደ በኋላም በማጉያው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በመልቲሜትር ለክታችሁ ዜሮ አካባቢ መድረሱን ሳታዩ እጅ አታስገቡ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በአንዳንድ የቆዩ የሬዲዮ ትራንዚስተሮችና የኃይል ሬዚስተሮች ውስጥ ያለው ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ነው። ሳይሰበር ችግር የለውም። ከተሰበረ፣ ከተሞረደ ወይም ከተፈጨ ግን ብናኙ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። የተሰነጠቀ ነጭ ሴራሚክ ካያችሁ አትቧጩት፣ በአየር አትንፉት። የአምራቹን የአወጋገድ መመሪያ ተከተሉ።

በቃል የሚያዙ ቁጥሮች

ማሠራጫ ቦታ ላይ ካልኩሌተር መፈለግ ጊዜ ይገድላል። ዲቢኤም የኃይል መለኪያ ነው፤ ዲቢ ደግሞ ሁለት ኃይሎችን ያነጻጽራል። 30 ዲቢኤም 1 ዋት ነው። 40 ዲቢኤም 10 ዋት፣ 43 ዲቢኤም 20 ዋት፣ 46 ዲቢኤም 40 ዋት፣ 50 ዲቢኤም 100 ዋት። 3 ዲቢ ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል፤ 6 ዲቢ ሲቀንስ ሩብ ይቀራል።

ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል ለማወቅ ደግሞ ቪኤስደብልዩአር በሚባለው ቁጥር እንጠቀማለን፤ ከ1 በራቀ መጠን የሚመለሰው ይበዛል። 1.5 ከሆነ ከተላከው ኃይል 4 በመቶ ይመለሳል። 2 ከሆነ 11 በመቶ ገደማ፣ 3 ከሆነ 25 በመቶ። በ40 ዋት ስታስቡት በ1.5 ወደ ማጉያው የሚመለሰው 1.6 ዋት ብቻ ነው፤ በ3 ግን 10 ዋት ነው። አላርሙ ለምን ከ1.5 በላይ ባለ ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ ከዚህ ይገባችኋል።

አንደኛ፦ የአላርሙን ታሪክ አንብቡ

የአሁኑን አላርም ብቻ አይታችሁ አትነሱ። መዝገቡን ወደ ኋላ ሂዱ። ችግሩ የሚመጣው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሙቀትን ጠርጥሩ። ዝናብ ሲዘንብ ከመጣ ውሃ የገባበት ኬብል ወይም ኮኔክተር ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋና ባትሪው ሲደክም ከሆነ መልሱ የኃይል አቅርቦቱ ዘንድ አለ። ከመብረቅ በኋላ ከሆነ ደግሞ ማጉያውን ብቻ ሳይሆን የመብረቅ መከላከያውንም ታያላችሁ።

ኃይሉ በአንድ ጊዜ ወረደ ወይስ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ? ቀስ ብሎ የሚወርድ ኃይል በአብዛኛው የዝገት፣ የአቧራ ወይም የእርጥበት ሥራ ነው። በአንድ ቅጽበት የወረደ ኃይል ግን የተቃጠለ ወይም የተሰበረ ነገር እንዳለ ይጠቁማል።

ሁሉም ሴክተሮች በአንድ ጊዜ ከታመሙ ሦስት ማጉያ እኩል ሞተ ብላችሁ አታስቡ። የጋራ የሆነውን ነገር ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ ዲሲውን ሥራ ላይ እያለ ለኩ

በቴሌኮም ቤት ዲሲው ከመሬት አንጻር ኔጌቲቭ 48 ቮልት ነው፤ ፖዘቲቩ መሬት ላይ ታስሯል። ብዙ ዕቃዎች ከ40 እስከ 57 ቮልት ባለው ክልል ይሠራሉ። የእናንተን ትክክለኛ ክልል ከዕቃው ሰነድ አረጋግጡ።

ዋናው ነገር ማጉያው እያሰራጨ መለካት ነው። ጭነት በሌለበት ጊዜ የላላ ተርሚናል እንኳን ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። ሦስት ቦታ ለኩ፤ ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) መውጫ ላይ፣ ብሬከሩ መውጫ ላይ፣ ዕቃው መግቢያ ላይ። ቮልቴጁ የጠፋው በየትኞቹ ሁለት ነጥቦች መካከል እንደሆነ ወዲያው ታያላችሁ።

ታወር ላይ በተሰቀለ ዕቃ ይህ ነገር ይከፋል። ደርሶ መልሱ 0.3 ኦም የሆነ የኤሌክትሪክ ኬብል እንውሰድ። 15 አምፔር ሲያልፍበት 4.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው ወደ 44 ቮልት ሲወርድ ታወሩ ላይ የሚደርሰው 39.5 ነው። ከዚህም በላይ የዕቃው ኃይል አቅራቢ ቮልቴጅ ሲያንሰው ብዙ አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ የኬብሉ ኪሳራ የበለጠ ያድጋል። ማጉያው ይዘጋል፣ ጭነቱ ሲለቅ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ማጉያው ይነሣል፣ እንደገና ይዘጋል። ይህ መነሣትና መዝጋት የማጉያ በሽታ ሊመስል ይችላል። መድኃኒቱ ግን ወፈር ያለ ኬብል ወይም የጠበቀ ተርሚናል ነው።

ሦስተኛ፦ መስመሩን ከማጉያው ለዩት

የአንቴናውን ኬብል ከዕቃው ፍቱና በምትኩ 50 ኦም የሆነ ዱሚ ሎድ (ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት የሚቀይር የመፈተሻ ጭነት) ግጠሙ። ዱሚ ሎዱ ለምትሠሩበት ፍሪኩዌንሲና ኃይል የተሠራ ይሁን። ከመግጠማችሁ በፊት ራሱን በመልቲሜትር ለኩት፤ ወደ 50 ኦም ካላሳየ እሱ ራሱ ተበላሽቷል። ይህን ቀላል ነገር ዘለው ደህና ማጉያ የሚያስወግዱ አሉ።

ዱሚ ሎድ ላይ ኃይሉ ከተመለሰና አላርሙ ከጠፋ ማጉያው ነፃ ነው። ችግሩ ከኮኔክተሩ ወዲያ ነው። አላርሙ ዱሚ ሎድ ላይም ከቀጠለ ማጉያውን፣ ፊልተሩን ወይም የተመለሰውን ኃይል የሚለካውን ክፍል ጠርጥሩ።

ዱሚ ሎድ በእጃችሁ ከሌለ የሴክተሮቹን ጃምፐር (ዕቃውን ከዋናው መስመር የሚያገናኝ አጭር ኬብል) አለዋውጡ። ችግሩ ከኬብሉ ጋር ከሄደ ኬብሉ ነው፤ ከዕቃው ጋር ከቀረ ዕቃው ነው። ማሰራጨቱን ዘግታችሁ ብቻ አድርጉት። ስትጨርሱም ጃምፐሮቹን ወደ ቦታቸው መልሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለና ረጋ ብለን እንየው። ረጅም ኬብል የአንቴናን ጉድ ይደብቃል። ኬብሉ በአንድ ጉዞ 3 ዲቢ የሚያጠፋ ከሆነ የሚመለሰው ሲግናል ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍበት 6 ዲቢ ያጣል። ስለዚህ አንቴናው ጭራሽ ተበጥሶ እንኳን ከታች የምታዩት ቪኤስደብልዩአር 3 ብቻ ነው። አንቴናው ላይ 1.5 የሆነው ደግሞ ከታች ወደ 1.2 ወርዶ ይታያል። ውሃ የጠጣ ኬብል ከዚህም የባሰ ያታልላል። ኃይል በበላ ቁጥር የሚመለሰው ያንሳል፣ ቁጥሩም ያምራል። የሴክተሩ የኔትወርክ ሽፋን ግን እየሞተ ነው።

መፍትሔው የኬብሉን ኪሳራ ለብቻው መለካት ነው። ጫፉን ከአንቴናው ፈትታችሁ በሾርት ዝጉት። ከታች በኬብል አናላይዘር ሪተርን ሎሱን (የሚመለሰው ሲግናል ከተላከው በስንት ዲቢ እንደሚያንስ) አንብቡና ለሁለት አካፍሉ። የሚገኘው የአንድ ጉዞ ኪሳራ ነው። ከኬብሉ ሰነድ ጋር አወዳድሩት፤ በግልጽ ከበለጠ ኬብሉ ወይም ኮኔክተሩ ታሟል። አናላይዘሩ ርቀትን የሚያሳይ ከሆነ ስንተኛው ሜትር ላይ እንደሆነም ይነግራችኋል።

በመልቲሜትር ብቻ አንቴና ላይ አትፍረዱ። ብዙ አንቴናዎች ለመብረቅ ሲባል በዲሲ ከመሬት ጋር ተያይዘዋል። ሾርት ቢያሳይ ደህና ነው።

ኮኔክተሩን ስትመልሱ በቶርክ ሬንች አጥብቁ። የ7/16 ዲን ኮኔክተር ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። 4.3-10 የሚባለው በቁልፍ የሚጠብቀው ዓይነት 5 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ሁለቱን በአንድ ጉልበት ማጥበቅ አንዱን ማላላት ወይም ሌላውን መስበር ነው።

አራተኛ፦ የሚገባውን ሲግናል መርምሩ

ማጉያ ያልተሰጠውን አያወጣም። 50 ዲቢ የሚያጎላ ማጉያ 46 ዲቢኤም እንዲያወጣ ኔጌቲቭ 4 ዲቢኤም መቀበል አለበት። የሚቀበለው ኔጌቲቭ 7 ከሆነ የሚያወጣው 43 ነው፤ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ስለዚህ መውጫውን ብቻ ሳይሆን መግቢያውንም ለኩ። የማስነሻ መስመሩንም አትርሱ። መቆጣጠሪያው «አሠራጭ» የሚለውን ትእዛዝ ካልሰጠ ማጉያው ዝም ይላል።

በምትለኩበት ጊዜ ለመሣሪያችሁ እዘኑለት። የብዙ ስፔክትረም አናላይዘሮች መግቢያ የሚችለው ከፍተኛው ኃይል 30 ዲቢኤም፣ ማለትም 1 ዋት ነው። 46 ዲቢኤም ቀጥታ ካስገባችሁ መግቢያው ይቃጠላል። 40 ዲቢ አቴኑዌተር (ሲግናል የሚቀንስ ዕቃ) በመካከል ካስገባችሁ የሚደርሰው 6 ዲቢኤም ነው። አቴኑዌተሩም ኃይሉን የሚችል መሆን አለበት። አንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ሙሉ ኃይል የሚሸከመው፤ ቀስቱን እዩ።

የኤልቲኢና የ5ጂ ሲግናል ከፍታው ከአማካዩ ከ7 እስከ 10 ዲቢ ሊበልጥ ይችላል። አማካዩ 40 ዋት የሆነ ሲግናል 8 ዲቢ ሲዘል ጫፉ 250 ዋት ገደማ ይደርሳል። ለቀድሞ ሬዲዮ የተሠሩ በዳዮድ የሚለኩ ተራ ፓወር ሜትሮች በእንዲህ ያለ ሲግናል የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣሉ። እውነተኛ አማካይ የሚለካ ፓወር ሜትር ተጠቀሙ።

ከማጉያው መውጫ ናሙና ወስዶ ወደ ዲጂታል ክፍሉ የሚመልስ መስመርም አለ። ዲጂታል ክፍሉ በዚህ ናሙና አይቶ የማጉያውን ጥመት አስቀድሞ ያቃናል። ይህ መስመር ሲላላ የማቃኛው ስሌት የተሳሳተ ነገር ይማራል። ያኔ ኃይሉ ደህና ሆኖ ሲግናሉ ወደ ጎረቤት ቻናሎች ይፈሳል። ለኤልቲኢ ቤዝ ስቴሽን የወጣው ደረጃ ጎረቤት ቻናል ላይ የሚፈሰው ቢያንስ በ45 ዲቢ እንዲያንስ ይጠይቃል። ከዚህ ከወረደ ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ከሆነ ማቃኛውን አጥፍታችሁ እንደገና እዩ። ስታጠፉትም ስታበሩትም ምንም ለውጥ ካልመጣ ማጉያውን ትታችሁ የናሙናውን መስመር ተከተሉ።

አምስተኛ፦ ሙቀቱን አትናቁ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ግን ይዘለላል። ቬንቲሌተሮቹ ሁሉም ይዞራሉ? በትክክለኛው አቅጣጫ ይነፍሳሉ? የሂት ሲንኩ (ሙቀት አውጪው ብረት) ክንፎች በአቧራ ወይም በወፍ ጎጆ ተዘግተዋል? ዕቃው የሚለው ሙቀትና በቴርማል ካሜራ የምታዩት ይቀራረባሉ? ሴንሰሩ ራሱ ከተበላሸ ቀዝቃዛ ማጉያ «ሞቆኛል» ብሎ ይዘጋል።

ስድስተኛ፦ አሁን ክፈቱት

እስከዚህ ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ዕቃው ወደ ወርክሾፕ ይሂድ። የታወር ዕቃ ቦታው ላይ አይከፈት። የውሃ መከላከያው ጎማ አንዴ ከተነሣ እዚያ ሆኖ በትክክል መመለስ አይቻልም። ስትከፍቱ በ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ከመሬት የተያያዘ የእጅ ማሰሪያ አድርጉ። የትራንዚስተር ጌት (መቆጣጠሪያው እግር) በእጃችሁ የስታቲክ ኃይል ብቻ ሊሞት ይችላል።

መጀመሪያ በዓይንና በአፍንጫ። የጠቆረ ሰርኪት ቦርድ፣ የተሰነጠቀ ሴራሚክ ካፓሲተር፣ ያበጠ ኤሌክትሮላይቲክ፣ የላላ ብሎን ፈልጉ። የተቃጠለ ሬዚስተር ሽታው ለቀናት ይቆያል።

ሰርኩሌተሩን (ሲግናል ከበር ወደ በር በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር የሚያደርገውን ክፍል) ያለ ኤሌክትሪክ መፈተን ይቻላል፤ እኔ ይህን ፈተና በጣም እወደዋለሁ። የማጉያውን መውጫ በኔትወርክ አናላይዘር እዩት። ሰርኩሌተሩ ደህና ከሆነ ከውጭ የገባው ሲግናል ወደ ሦስተኛው በር ሄዶ ሬዚስተሩ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ሞቶም ቢሆን ጥሩ ሪተርን ሎስ፣ ወደ 20 ዲቢ የሚጠጋ፣ ታያላችሁ። መጥፎ ከሆነ ሬዚስተሩ ተቃጥሏል ወይም ሰርኩሌተሩ ተሰብሯል። ያኔ ትራንዚስተሩ ለምን እንደሞተም አብራችሁ አገኛችሁ ማለት ነው፤ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀርለት አልነበረም። በነገራችን ላይ ሰርኩሌተር በማግኔት ስለሚሠራ ከብረት መፍቻና ከሌላ ማግኔት አርቁት።

ቀጥሎ መልቲሜትር። እዚህ ላይ ትራንዚስተሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ የሲሊከኑ ኤልዲሞስ ወይስ ጋሊየም ናይትራይድ፣ ማወቅ ግድ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በድሬንና በሶርስ እግሮቹ መካከል ነው። ኤልዲሞስ ከሆነ ከጌት እስከ ሶርስ በጣም ትልቅ ኦም ሊያሳይ ይገባል። ከድሬን እስከ ሶርስ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ እንደ ዳዮድ ያሳልፋል፣ በሌላው ይዘጋል። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት አድርጓል። ቦርዱ ላይ ያሉ ሬዚስተሮች ንባቡን ስለሚያዛቡ ከደህና ዕቃ ጋር ማወዳደር ይሻላል።

ጋሊየም ናይትራይድ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ይህ ትራንዚስተር ጌቱ ላይ ምንም ቮልቴጅ ከሌለ አይዘጋም፤ ያሳልፋል። ስለዚህ ደህና የሆነው ከድሬን እስከ ሶርስ ትንሽ ኦም ያሳያል። የኤልዲሞስን መለኪያ ይዘው ጤነኛ ጋሊየም ናይትራይድ ነቅለው እንዳይጥሉ ለጓደኞቻችሁም ንገሩ።

ከዚያ ባያስ (ትራንዚስተሩን ለሥራ የሚያዘጋጀው የጌት ቮልቴጅ)። የሬዲዮ ሲግናል ሳታስገቡ፣ መውጫው ዱሚ ሎድ ላይ ሆኖ፣ ፓወር ሰፕላይ ላይ የአምፔር ገደብ አድርጋችሁ ኤሌክትሪክ ስጡ። ኤልዲሞስ ጌቱ ላይ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3.5 ቮልት ፖዘቲቭ ይፈልጋል፤ ድሬኑ ብዙ ጊዜ 28 ወይም 50 ቮልት ነው። ጋሊየም ናይትራይድ ሲሠራ ጌቱ ኔጌቲቭ 3 ቮልት አካባቢ ነው።

የጋሊየም ናይትራይድ ቅደም ተከተል አይለወጥም። መጀመሪያ ጌቱን በኔጌቲቭ ቮልቴጅ ዝጉ። ቀጥሎ ድሬኑን ስጡ። ከዚያ ጌቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ታዘዘው አምፔር አምጡ። መጨረሻ ላይ ሲግናል አስገቡ። ስታጠፉ በተቃራኒው ነው፤ ሲግናሉ፣ ጌቱን መዝጋት፣ ድሬኑ፣ ድሬኑ እስኪወርድ መጠበቅ፣ በመጨረሻ የጌቱን ቮልቴጅ ማውጣት። ድሬኑ ከጌቱ ከቀደመ ትራንዚስተሩ በሙሉ አምፔር ይነድዳል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቀው ሰርኪት ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ከመግጠማችሁ በፊት እሱን ፈትኑ።

ጌቱ ትክክል ሆኖ አምፔር ጭራሽ ከሌለ የድሬኑ መንገድ ወይም የትራንዚስተሩ የውስጥ ሽቦ ተቋርጧል። ጌቱን ብትቀይሩም አምፔሩ ከፍ ብሎ የማይነቃነቅ ከሆነ ሾርት ነው።

ከዚህ በኋላ እርከን በእርከን ሂዱ። አነስተኛ ሲግናል አስገብታችሁ የመጀመሪያውን እርከን፣ ገፊውን እርከን፣ የመጨረሻውን እርከን ጉልበት (ሲግናሉን የሚያጎላበትን መጠን) ለየብቻ ለኩ። የጎደለው ዲቢ የት እንደጠፋ ያኔ ይገኛል።

የጎደለው መጠን ራሱ ብዙ ይናገራል። ሁለት ትራንዚስተሮች በሃይብሪድ (ኃይል አጣማሪ ክፍል) ተጣምረው የሚሠሩ ከሆነና አንዱ ከሞተ ኃይሉ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ፣ በ6 ዲቢ ይወርዳል። ከቀረው ኃይል ግማሹ ማጣመሪያው ሬዚስተር ላይ ስለሚቃጠል ነው። አራት ተጣምረው አንዱ ከሞተ 2.5 ዲቢ ይጠፋል፤ ሁለት ከሞቱ 6 ዲቢ፤ ሦስት ከሞቱ 12 ዲቢ። ማጣመሪያው ሬዚስተር ባልተለመደ ሁኔታ ከጋለ ከሁለቱ ወገን አንዱ እንደደከመ እወቁ።

ዶኸርቲ ማጉያ ግን በዚህ ሒሳብ አይሄድም። ዊልያም ዶኸርቲ በ1936 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ የፈጠረው ይህ አሠራር ዛሬ በአብዛኛው ቤዝ ስቴሽን ውስጥ አለ። እንደ ሁለት ተሸካሚዎች አስቡት፤ ዋናው ሁልጊዜ ይሸከማል፣ ረዳቱ ሸክሙ ሲከብድ ብቻ ትከሻውን ያስገባል። ረዳቱ ያለ ሲግናል ምንም አምፔር ባይስብ ደህና ነው፤ ሞቷል አትበሉ።

ችግሩ ረዳቱ በእውነት ሲሞትም በትንሽ ሲግናል ሁሉም ነገር ደህና መምሰሉ ነው። ጉልበቱ ልክ ነው፣ የዋናው አምፔር ልክ ነው። ስለዚህ ሲግናሉን በ1 ዲቢ እየጨመራችሁ መውጫውን ጻፉ። ሁለቱ እኩል በሆኑበት ዶኸርቲ ረዳቱ ከሞተ መውጫው ከሙሉው ጫፍ ኃይል 6 ዲቢ ገደማ ሲቀረው መድከም ይጀምራል። በተቃራኒው በትንሽ ሲግናል ምንም ሳይወጣ ሲግናሉ ሲበረታ ብቻ የሆነ ነገር ብቅ ካለ የሞተው ዋናው ነው። ይህን የደረጃ በደረጃ ልኬት ሳታደርጉ ዶኸርቲን «ደህና ነው» ብላችሁ አትፈርሙ።

አልፎ አልፎ ማጉያ ሳይታዘዝ ራሱ ሲግናል ያመነጫል። ምልክቱ ሲግናል ሳይኖር ከታዘዘው በላይ አምፔር መሳቡ ነው። ክዳኑን ስታቀርቡና ስታርቁ አምፔሩ ከተለዋወጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ስፔክትረም አናላይዘሩን ከጥቂት ሜጋኸርዝ እስከ ጊጋኸርዞች ድረስ በሰፊው ክፈቱ፤ ማጉያው ከሚሠራበት ርቆ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ሊያመነጭ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የደረቀ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር፣ በድሬኑ መስመር ላይ የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ ወይም ሳይመለስ የቀረ የክዳን ብሎን ነው። ብሎኖቹ ለጌጥ አልተደረደሩም፤ ክፍሎቹን ከክፍሎቹ የሚከልሉት እነሱ ናቸው።

ሰባተኛ፦ ትራንዚስተሩን ስትቀይሩ

የገደለውን ሳታገኙ አዲስ አትግጠሙ። ጌቱ ሾርት ከሆነ ከልክ ያለፈ ግቤትን ወይም ስታቲክን አስቡ። ድሬኑ ከሆነ የተመለሰ ኃይልን፣ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅን ወይም ሙቀትን። ዕቃውን ከታወቀ አከፋፋይ ግዙ፤ የሬዲዮ ትራንዚስተር አስመስሎ መሥራት የተለመደ ነው።

የሚቀመጥበትን የብረት ወለል በደንብ አጽዱ። የሙቀት ቅባቱ ስስ ይሁን፤ የወፈረ ቅባት ሙቀት ያፍናል። በብሎን የሚታሰር ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ ብሎኑን በታዘዘው ቶርክ እሰሩ፣ እግሮቹን ከዚያ በኋላ ሶልደር አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እግሮቹ ተወጥረው ይቀራሉ። የድሬኑን ምልክት፣ ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ጥግ ነው፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። በሶልደር የተጣበቀ ወለል ያለው ዓይነት ግን በወርክሾፕ ምድጃ የሚሠራ እንጂ በእጅ የሚሞከር አይደለም።

ባያሱን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ የሰነዱን አምፔር እስክታገኙ አስተካክሉ። አሮጌው ላይ የነበረውን ቮልቴጅ እንዳለ አትውሰዱ፤ እያንዳንዱ ትራንዚስተር የራሱ አለው። ከዚያ ሲግናሉን ከታች ጀምራችሁ ጨምሩ፤ በየደረጃው አምፔርና ሙቀት እዩ። ሙሉ ኃይል ላይ ሲደርስ ለሰዓታት ዱሚ ሎድ ላይ ይሥራ። በቴርማል ካሜራ ከጎኑ ካለው ትራንዚስተር ጋር አወዳድሩት። አዲሱ በግልጽ ከበለጠ የአቀማመጡ ችግር ነው፤ ፍቱትና እንደገና ሥሩት። ብዙ ዕቃዎች የኃይል ሠንጠረዥ በውስጣቸው ስላለ ከቅየራ በኋላ የአምራቹ ካሊብሬሽን ያስፈልጋቸዋል። ያ መሣሪያ ከሌላችሁ ዕቃውን ወዳለበት ላኩት።

ዕቃው ወደ ቦታው ሲመለስ ቪኤስደብልዩአሩን በአንቴናው ላይ እንደገና ለኩ። የመውጫው ኃይል ከተባለው በ2 ዲቢ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። ዲሲውን፣ ሙቀቱን፣ የጎረቤት ቻናሉን ንባብ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጻፉና እዚያው ካቢኔት ውስጥ አስቀምጡት። በሚቀጥለው ቀን፣ ሙቀቱ በሚበረታበትና ሰው ብዙ በሚደውልበት ሰዓት፣ ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ንባቦቹን ጠይቁና ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ።